ሃይላንድ፣ ስኳርና የሸረሪት ድር

መስከረም 9

ነገሩን የጀመረችው ሚጡ ናት። የእህቴ ልጅ፣ ስድስተኛ ክፍል። ትናንት ስልኬን ወስዳ ቪዲዮ ስታይ ቆየችና "አጎቴ፣ ይቺ ወፍ ሐይቁ ጋ አለች አይደል?" አለችኝ። ሐሚንግበርድ ናት። አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ አበባ ትጠጣለች፣ ከዚያ ዞር ሳትል ወደ ኋላ ትበራለች። "አዎ፣ አለች" ብዬ ልገላገል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት።

የለችም። ሐሚንግበርድ የአሜሪካ ምድር ወፍ ናት። ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ 360 ገደማ ዝርያ አለ፣ አፍሪካ ውስጥ ግን አንድም የለም። የሚገርመው፣ ጀርመን ውስጥ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የሐሚንግበርድ ቅሪት ተገኝቷል። ድሮ በእኛ በኩል ባለው ዓለምም ነበሩ ማለት ነው።

እኛ ያለን ሌላ ነው። ሰንበርድ ይባላሉ። እማዬ "አበባ ጠጪ" ነው የምትላቸው፣ እኔም በዚሁ ልቀጥል። ከሐሚንግበርድ ጋር ሥጋ ዝምድና የላቸውም። እነሱ የሚቀርቡት ለድንቢጥ ወገን ነው። ሐሚንግበርድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አየር ላይ ከሚውሉት ስዊፍት ከሚባሉት ወፎች ጋር ይዛመዳል። ሁለቱም አበባ ስለሚጠጡ ብቻ ቀጭን ረጅም ምንቃርና የሚያብረቀርቅ ላባ አበጁ። አንድ ዓይነት ሥራ የያዙ ሁለት ባዕዶች አንድ ዓይነት መሣሪያ ገዙ እንበል።

ሚጡ አልተደሰተችም። "ታዲያ የእኛዋን እዚህ ማምጣት ትችላለህ?" አለች። ስልክ ጠጋኝ ነኝ። እችላለሁ አልኩ።

መስከረም 11

መጠጫ ሠራሁ። ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ የማርማላታ ክዳን፣ ሲልከን። በካውያው ጫፍ ክዳኑ ላይ አራት ቀዳዳ በሳሁ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ ከሚያስገባው ትንሽ ጠበብ ያለ። ሃይላንዱ ይገለበጣል፣ የስኳር ውሃው ክዳኑ ላይ ልክ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ የውጪው አየር ይዞ ያቆመዋል። የዶሮ ውሃ ማጠጫ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

በቪዲዮዎቹ ላይ ያሉት መጠጫዎች ብዙዎቹ መቆሚያ የላቸውም፣ ምክንያቱም ሐሚንግበርድ ሳታርፍ አየር ላይ ሆና መጠጣት ትችላለች። የእሷ ክንፍ ትከሻው ላይ ይሽከረከርና አየሩን ሲወርድም ሲወጣም ይገፋዋል። የሌላ ወፍ ክንፍ ጉልበቱ በአብዛኛው ሲወርድ ነው። የእኛ አበባ ጠጪ ግን ቁጭ ብላ መጠጣት ነው የምትወደው። ስለዚህ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ላይ የወጣ ሽቦ አጥፌ መቆሚያ አደረግኩ። ሐዋሳ ውስጥ የብስክሌት ሽቦ አይጠፋም።

ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በሚጡ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባናቸው። ቀይ ዓይን ይስባል። ውሃው ውስጥ ግን ቀለም አይገባም፣ ምንም አይጠቅማትም።

ስኳሩ፦ አንድ ሲኒ ስኳር፣ አራት ሲኒ ውሃ። አፍልቼ አቀዘቀዝኩ። እማዬ ከበሩ ላይ ቆማ አየችኝ። "ሰው ስኳር ተወዶበት ቡናውን በጨው ይጠጣል፣ አንተ ለወፍ ታፈላለህ!" አለች። የምመልሰው አልነበረኝም።

መስከረም 13

ፈሰሰ። ጠዋት ሞልቼው ሄድኩ፣ ለምሳ ስመለስ ግማሹ የለም። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ተጣብቋል፣ ጉንዳን በሰልፍ ነው።

መጀመሪያ ሲልከኑን ጠረጠርኩ። ፈትቼ ድጋሚ ለጠፍኩ። አሁንም ፈሰሰ፣ ያውም ቀትር ላይ ብቻ። ማታ ጠብ አይልም። ያኔ ገባኝ። ሃይላንዱ ውስጥ ከውሃው በላይ ያለው አየር ፀሐይ ሲያገኘው ይሰፋል። ሲሰፋ መሄጃ የለውም፣ ውሃውን በቀዳዳው ገፍቶ ያስወጣዋል። ጎዶሎ ሲሆን ደግሞ አየሩ ስለሚበዛ ይብስበታል። የሐዋሳን ፀሐይ ለካ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁም።

መስከረም 15

ሃሳቡን ቀየርኩ። ሃይላንድ ቀረ። ጠፍጣፋ የላስቲክ ምሳ ዕቃ ገዛሁ፣ ክዳኑን በሳሁት፣ የስኳር ውሃውን ግማሽ ድረስ ብቻ ሞላሁ። ከቀዳዳው እስከ ውሃው የጣት ውፍረት ግማሽ ያህል ክፍተት አለ። ይሄ ሁለት ነገር ፈታልኝ። የታመቀ አየር ስለሌለ አይፈስም። ንብ ደግሞ አይደርስበትም፣ ምላሱ አጭር ነው። ወፏ ግን ትደርሳለች።

ስለ ምላሷ ትንሽ ልበል። የአበባ ጠጪዋ ምላስ ጥቅል ነው፣ እንደ ቀጭን ቱቦ። የሐሚንግበርዷ ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ድሮ ጨርቅ ዘይት እንደሚስበው ፈሳሹ ራሱ እየወጣ ይመስላቸው ነበር። 2011 (በፈረንጆቹ) በፍጥነት ካሜራ ሲታይ ነገሩ ሌላ ሆነ። ምላሱ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ይከፈታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። ይዞ ነው የሚወጣው።

ለጉንዳኑ፦ በመስቀያው ሽቦ መሀል የጠርሙስ ክዳን ሰክቼ ውሃ ሞላሁበት። ጉንዳን አይዋኝም። ይሄኛው በመጀመሪያ ሙከራ ሠራ። ብቸኛው ነገር ነው።

መስከረም 21

ወፍ የለም። አራት ቀን ደንበኛ ስለበዛብኝ ውሃውን ሳልቀይር ቀረሁ። ዛሬ ስከፍተው ነጭ አረፋ ይዟል። እማዬ አሸተተችውና "አንተ ልጅ፣ ጠጅ ጣልክ እንዴ?" አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

እርሾ ገብቶበታል። በዚህ ሙቀት ከሁለት ቀን በላይ መተው የለበትም። መጠጫውም በሙቅ ውሃ በብሩሽ ይታጠባል።

አንድ ደንበኛዬ ደግሞ "የፈረንጅ ስኳር ከምትሰጣቸው የራሳችንን ማር በርዘህ ስጣቸው" አለኝ። ሃሳቡ ያምራል። ግን ማር በውሃ ሲበረዝ ምን እንደሚሆን ለእኛ አገር ሰው አይነገርም። ዛሬ ብርዝ ነው፣ ከቀናት በኋላ ሌላ ነገር ነው። ወፏ ላይ ደግሞ ሻጋታው ምላሷን ሊያሳምማት ይችላል። የሱቅ ስኳር ይሻላል፣ ከአበባው ፈሳሽ ጋር ይቀራረባል።

መስከረም 27

ጦጣ ወሰደው።

በአጥሩ መጣ፣ ምሳ ዕቃውን ከነሽቦው ነቀለ፣ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጠጣው። ከዚያ ክዳኑን ለብቻ፣ ዕቃውን ለብቻ ወረወረልን። ሚጡ ሳቋ አላቆመም። እኛ ቤት ለሐይቁ ቅርብ ነው፣ የሐይቁ ዳር መናፈሻ አሞራ ገደልም ሩቅ አይደለም። እዚያ ሰው እጅ ላይ ያለ ነገር የለመዱ ጦጣዎች ለእኔ መጠጫ ያዝናሉ ብዬ ማሰቤ ራሱ ነው ጥፋቱ።

ሌላ እስክሠራ ዕረፍት።

ጥቅምት 4

አመሻሽ ላይ ሚጡ "አጎቴ! ሐሚንግበርድ! እመኑኝ ሐሚንግበርድ ናት!" እያለች መጣች። ሮጥኩ። አጥሩ ሥር የወፍ ቆሎው አበባ ላይ አንድ ነገር አየር ላይ ቆሟል። ክንፉ አይታይም፣ ዝም ብሎ ጭጋግ ነው። ረጅም ነገር ከፊቱ አውጥቶ አበባው ውስጥ ይከታል። ለአንድ ደቂቃ እኔም አመንኩ።

ስልኬን አውጥቼ በዝግታ ቀረጽኩት። በሴኮንድ 240 ምስል። መልሰን ስናየው ፊቱ ላይ ሁለት አንቴና አለ። ስድስት እግር። "ምንቃሩ" ሲጨርስ እንደ ጥቅል ክር ይጠቀለላል። የእሳት እራት ነው! ቀንና አመሻሽ የሚበር፣ አየር ላይ ቆሞ የሚጠጣ የእሳት እራት። እዚህ አገር ሐሚንግበርድ አየሁ የሚል ሰው በአብዛኛው ያየው ይህን ይመስለኛል።

ሚጡ ግን አሁንም አልተከፋችም። ቪዲዮውን ለክፍል ጓደኞቿ ልካለች። ምን ብላ እንደላከችው አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 6

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ወፏን ወደ ስኳር ከምጎትት ወደምታውቀው ነገር ለምን አልሄድም?

ጠዋት ታቦር ተራራ ሥር ወጣሁ። ራስ ክምር አብቧል። ያ ረጅም ግንድ፣ ብርቱካንማ አበባው በየደረጃው ክብ ሠርቶ የተከመረ። ሩብ ሰዓት ሳልቆይ መጣች። ቀለሟ ግራጫማ ነው፣ ሴቷ ናት። ክምሩ ሥር ግንዱን ጨብጣ ቆመች፣ አንገቷን አቀና አደረገችና እያንዳንዱን አበባ በተራ ቀመሰች። አበባው ጎበጥ ያለ ነው፣ ምንቃሯም ጎበጥ ያለ ነው። ልክ ለልክ። ግንባሯ ላይ የአበባው ዱቄት ተቀብቷል። ይዛው ወደሚቀጥለው ሄደች።

አበባው መቆሚያውን ራሱ ሠርቶ አቅርቦላታል። ታዲያ ለምን አየር ላይ ትደክማለች? አየር ላይ መቆም አቅቷት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከአሜሪካ የመጣ የዛፍ ትምባሆ አለ፣ አበባው ለሐሚንግበርድ የተሠራ፣ መቆሚያ የሌለው። እዚያ ያሉት አበባ ጠጪዎች እሱ ላይ ሲሆኑ አየር ላይ ቆመው ይጠጣሉ። ግድ ሲሆን ይችሉበታል።

ሰባት ሥር ነቅዬ በጆንያ ይዤ በባጃጅ መጣሁ። ሾፌሩ "ለመድኃኒት ነው?" አለኝ። ለወፍ ነው ስለው ሒሳብ ቀነሰልኝ። በምን ምክንያት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ ምናልባት አዝኖልኝ ነው።

ጥቅምት 12

ከሰባቱ አራቱ ደረቁ። አብቦ ያለ ተክል መንቀል ስህተት ነበር። ቅጠሉን ግማሽ በግማሽ ቆርጬላቸው ቢሆን ይሻል ነበር አለችኝ እማዬ፣ ከደረቁ በኋላ። ሦስቱ ቆመዋል። የአንዱን ፍሬ አራግፌ አጥሩ ሥር ዘራሁ፣ ለሚቀጥለው ክረምት።

ጥቅምት 19

መጣ! ወንዱ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ እኔ ጥርሴን እየፋቅሁ።

ራሱና ጀርባው ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ደረቱ ሐምራዊ፣ ሆዱ ቢጫ። ዙሮ ሲቆም ግን ጥቁር ሆነ። መልሶ ሲዞር በራ። ሲዲ ገልብጣችሁ በብርሃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ቀለም ተቀብቶ አይደለም፣ ላባው ውስጥ ያሉት ስስ ንብርብሮች ብርሃኑን የሚመልሱበት መንገድ ነው። ለዚህ ነው አንዱ ጎረቤት "ጥቁር ወፍ"፣ ሌላው "አረንጓዴ ወፍ" ብለው የሚከራከሩት። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ምንቃሩን ጨምሮ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሚጡ "ከዚህ የምታንስ ሐሚንግበርድ አለች?" አለች። አለች፣ ኩባ ውስጥ። 2 ግራም ገደማ ትመዝናለች። የግማሽ ሻይ ማንኪያ ስኳር በወረቀት ላይ አድርጌ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ላሰችው።

ጥቅምት 24

ትንሽ ጸብ። የጎረቤት ዛፍ ላይ ተቀጽላ ወጥቶበታል፣ እኛ ግቢ ተንጠልጥሏል። እማዬ ልታስቆርጠው ሰው ጠርታለች። ልክ ናት፣ ተቀጽላ የሰውን ዛፍ ይመጥጣል፣ ስሙም ለመልካም አይነሳም። ግን ወንዱ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነው።

የተቀጽላው እምቡጥ የክብሪት እንጨት ይመስላል፣ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ነው። ወፉ በምንቃሩ ጫፍ ጫን ሲለው ፈነዳ! ዱቄቱ ፊቱ ላይ ረጨበት። እሱም ምንም ሳይመስለው ጠጣ። ካልተነካ ላይከፈት ይችላል። በስልኬ ቀርጼ ለእማዬ አሳየኋት። ደጋግማ አየችው። ቆራጩን ሰውዬ ግማሹን ብቻ አስቆረጠችው። ሙሉ ሒሳብ ነው የተቀበለን።

ኅዳር 10

አዲሱ መጠጫ ተሰቅሏል፣ ጦጣ በማይደርስበት፣ በበረንዳው ጣሪያ ሥር። ማንም አልቀመሰውም።

ሌላ ነገር ግን አየሁ። ሴቷ በረንዳው ጥግ ላይ፣ ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት ጋ፣ እየመጣች ግድግዳ ትቀስማለች። አበባ የለም እዚያ። ጠጋ ብዬ ሳይ የሸረሪት ድር ነው። በምንቃሯ ጠቅልላ ይዛው ትሄዳለች፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትመለሳለች። ሸረሪቷንም አንዴ ዋጠቻት።

ጎጆ ልትሠራ ነው። ድሩ ሙጫዋ ነው፣ ገመዷም ነው። ሐሚንግበርዷም በዚያ ማዶ በዚሁ በድር ነው የምትሠራው፣ ልዩነቱ የእሷ እንደ ሲኒ ክፍት መሆኑ ነው። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ድሩ ስለሚለጠጥ ሲኒዋ አብራ ትሰፋለች።

አሁን ችግሩ እማዬ ናት። በየቅዳሜው በረጅሙ መጥረጊያ ጣሪያ ሥሩን ትጠርጋለች። ዕድሜ ልኳን። ድር ያለበት ቤት ሴት የሌለበት ቤት ነው ትላለች። እኔ ሁለት ወር ስኳር አፈላለሁ፣ ለካ በየሳምንቱ ዕቃቸውን እየጠረግንባቸው ነበር።

"እማዬ፣ ያን ጥግ ተይው" አልኳት። "ምን ሊሉኝ?" አለች። አንድ ጥግ ብቻ አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም።

ኅዳር 13

ቅዳሜ። ጠረገች። ጥጉን ዘለለችው። ማናችንም ስለሱ አላወራንም።

ኅዳር 17

ጎጆው የት እንዳለ አገኘሁ። የልብስ ማስጫው ገመድ ጫፍ፣ ጽጌረዳው ላይ። ቆሻሻ የተንጠለጠለ መስሎኝ ልጥለው እጄን ዘርግቼ ነበር! የሚያምረውም ይሄው ነው፣ ቆሻሻ መምሰሉ። የደረቀ ሣር፣ የጨርቅ ብጣሽ፣ የልጣጭ ስባሪ፣ ሁሉም በድር የታሰረ። የትንሽ ቦርሳ ቅርጽ አለው። በሩ በጎን ነው፣ ከበላዩ ትንሽ በረንዳ ወጥታለታለች። ውስጡ ለስላሳ ነገር ነው፣ የእማዬ ፈትል ጥጥ ይመስለኛል። አልጠየቅኳትም።

ልብስ የሚሰጣው ከዛሬ ጀምሮ በሌላኛው ገመድ ነው።

ኅዳር 23

ሴቷ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ምንቃሯ ብቻ በበሩ ይታያል። ብዙውን ጊዜ እንቁላላቸው አንድ ወይም ሁለት ነው። ለማየት አልሞከርኩም፣ ሚጡንም ከልክያታለሁ። ወንዱ ዙሪያውን ይጮሃል፣ በመኪና መስታወት ላይ ከራሱ ጋር ይጣላል።

ታኅሣሥ 7

ተፈልፍለዋል። ድምፅ አለ፣ ክር ይመስላል።

ሁለቱም ያመላልሳሉ። ሐሚንግበርድ ቢሆን እናትየው ብቻዋን ነበረች፣ አባትየው አይታይም። የእኛው ወንድ እንኳ ይሠራል፣ ብዙ ባይሆንም። ቆጠርኩ፣ በግማሽ ሰዓት ሴቷ ዘጠኝ ጊዜ፣ እሱ ሦስት ጊዜ።

የሚያመጡት ደግሞ የአበባ ፈሳሽ አይደለም። ሸረሪት፣ ትንኝ፣ አንድ ጊዜ አረንጓዴ ትል። በስኳር ውሃ ሥጋ አይበቅልም። ሐሚንግበርዶቹም እንዲሁ ናቸው፣ ነፍሳት ካልበሉ አይኖሩም። አጥሩ ሥር መርጨት የጀመርኩትን የበረሮ መድኃኒት ጣልኩት።

ታኅሣሥ 14

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወንዱ መጠጫው ሽቦ ላይ አረፈ። ምንቃሩን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። ምናልባት አራት ሴኮንድ። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ራስ ክምሩ ሄደ።

ሦስት ወር፣ አራት ሴኮንድ። ሚጡ ትምህርት ቤት ነበረች፣ አላመነችኝም።

ታኅሣሥ 21

ጠዋት ጎጆው ባዶ ነው። ሁለት ጅራተ አጭር ጫጩቶች ጽጌረዳው ውስጥ ተጠጋግተው ቁጭ ብለዋል። ምንቃራቸው ገና አጭር ነው፣ ጥጋጥጉ ቢጫ። ከሰዓት በኋላ ወደ ተቀጽላው ተሻገሩ። አንደኛው ሲያርፍ ቅርንጫፉን ስቶ ተንጠለጠለ፣ ተገልብጦ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ወጣ።

ታኅሣሥ 28

የገና ዋዜማ። ቤቱ ተገለበጠ። ምንጣፍ ወጣ፣ መጋረጃ ታጠበ፣ እማዬ መጥረጊያውን ይዛ ከማለዳ ጀምሮ ጣሪያ ለጣሪያ ናት። ጫጩቶቹ ከወጡ ሳምንት ሆኗቸዋል፣ አሁን ይጠረጋል ብዬ ምንም አላልኩም።

ማታ ጎረቤታችን ዶሮ ልታግዝ መጣች። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትከትፍ ቀና አለች። "እትዬ፣ ያ ጥግ ድር ቀርቶታል" አለች።

እማዬ ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል፣ "ይቅር፣ ባለቤት አለው" አለቻት።